የሚቆጠር ክፍያ

ብሩክስ ከተማ፣ አልበርታ፤ ወሩ የካቲት፣ ውጪው ነፋስ፤
ከሥጋ ፋብሪካው፣ ከሌሊት ፈረቃ፣ ንጋት ላይ ስመለስ
ጣቶቼ አልተፈቱም፣ ቢላውን እንደጨበጡ ናቸው፤
የፖስታ ሳጥኔን በእነሱው ከፈትኩት፣ እንደዚያው ደርቀው።

አንድ የሚያብለጨልጭ ወረቀት፦ «ሂሳብዎን ወደ እኛ ያዛውሩ፣
አራት መቶ ሃምሳ ዶላር ስጦታ አለዎት»፤ ፊደሉ ከዳር እስከ ዳሩ።
ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር፤ ወረቀቱን ገለበጥኩት፣
ስንጥሩን እዚያው ጀርባው ላይ፣ በጉንዳን እግር ተጽፎ አገኘሁት፦
«ደመወዝ በቀጥታ ይግባ። ሁለት ብቁ የሆኑ ቋሚ ክፍያዎች
በስልሳ ቀን ውስጥ ይውጡ።» የትኞቹ ይሆኑ ብቁዎች?

ደመወዙ አላስቸገረም፤ ፋብሪካው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ያስገባል።
ቋሚ ክፍያማ ሞልቶኛል አልኩ፤ ከእኔ በላይ ማን በቀኑ ይከፍላል?

እሑድ ከሰዓት እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ።
የቤት ኪራይ፦ ለሽማግሌው ፍሪሰን፣ ወር በገባ በአንድ፣ በስልኬ፤
ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳለፍኩም፣ ታምሜም ቢሆን፣ ተንበርክኬ።
ለእህቴ ለእልፍነሽ የስኳር መድኃኒት፦ ወር በገባ በአምስት።
ስልክ፦ በክሬዲት ካርድ፤ የካርዱ ዕዳ ደግሞ በአሥራ ስምንት።
ዕቁብ፦ መቶ ሃምሳ ዶላር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ለአቶ ድንበሩ፣ በእጅ፣
ፋብሪካው መኪና ማቆሚያ፣ በመስኮት፣ ሳይወርዱ፣ ብርዱ እንዳይፈጅ።

ሰኞ ባንክ ሄድኩ። ሮዌና ትባላለች፣ የማኒላ ልጅ፣ ጥፍሯ ወይን ጠጅ፤
ዝርዝሬን በብዕር ጫፍ ወረደችበት፣ ፈተና እንደምታርም፦
ይህ አይሆንም። ይህም አይሆንም። ይህም።

«ኪራዩን የምትልኪው አንቺ ነሽ፤ ገፍተሽ። ባንኩ የሚቆጥረው
ሌላው በፈቃድሽ እጁን አስገብቶ፣ በቀኑ ስቦ የሚወስደውን ነው።»

ገፍተው የሰጡት አይቆጠርም። ስበው የወሰዱት ይቆጠራል።
ሁለት ጊዜ አስደገምኳት፤ ሦስተኛውን አፈርኩ።
እንግዲህ በስድስት ዓመት አንድ ቀን ያላጓደልኩት እኔ
ቋሚ አይደለሁም፤ ቋሚው ሳላየው ከኪሴ የሚወስደው ነው፣ ወይኔ!

የመኪና መድን፦ ስቦ ይወስዳል። አንድ።
ሌላ? ሌላ የለም። ሮዌና የድሮ ባንኬን ወረቀት ታገላብጣለች።
«ይሄስ? ሠላሳ አንድ ዶላር ከሃምሳ፣ በየወሩ በሦስት?»
ጂም!
ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥር ላይ፣ ወገቤን ሲያመኝ የተመዘገብኩበት፣
አራት ቀን ሄጄ የተውኩት፣ ልሰርዝ ስል «ደብዳቤ አምጪ» ተብዬ የታከትኩበት።
«ብቁ ነው» አለች፣ አጨበጨበች ማለት ይቻላል።
ላብ ያላየው ገንዘብ አዳነኝ።

ከዚያ ወደ ዘለለችው መስመር ተመለሰች። «ይህ ምንድን ነው?»
አስረዳኋት፦ ሃያ ሁለት ሰው፣ አንድ ደብተር፣ ዕጣ፣ ዳኛ፤
የቸገረው ካለ ተራውን የሚለቅለት ጓደኛ፤
ፈርሞ ያልሰጠ፣ ተስቦም ያልተወሰደበት፣ ግን በቀኑ የሚገኝ።
ብዕሯን አስቀመጠች። «እናቴም ነበራት፤ እኛ ፓሉዋጋን እንለዋለን።
እሱም አይቆጠርም።»
ወደ አለቃዋ በር አየት አደረገች፣ ድምጿን ዝቅ፦
«ቦታ አለ?»

ግንቦት ላይ አራት መቶ ሃምሳው ገባ።
ሮዌና አሁን ሃያ ሦስተኛ ናት፤ አቶ ድንበሩ «ሮማን» ብሎ ጽፏታል፣
እንዲያርመው ብነግረውም «ያው ናት» ይላል።
ጂሙን ግን መሰረዝ አልችልም። ዓመት ሳይሞላ ከተቋረጠ
ስጦታው ተመላሽ ነው፤ ይህም ጀርባው ላይ ነበረ፣ ከጉንዳኖቹ መጨረሻ።

ማክሰኞ ሄድኩ፣ ለአምስተኛ ጊዜ። መሮጫው ላይ ወጣሁ።
ከመነሳቱ በፊት ክብደቴን ጠየቀኝ።
ዋሸሁት።